የማልታ ፈረሰኞች 4 ታሪ፦ የቅዱስ ዮሐንስ ራስ ያለበት የብር ሳንቲም ቀርቦልኛል፤ ልግዛው?

ብርቅ ፈላጊ (ቦሎኛ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ መድረክ ላይ የሚበዛው ወሬ ስለ ጠገራ ብርና ስለ አክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት የባሕር ማዶ ገንዘብ ነው፤ ሆኖም ብርን በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ያሉት እዚህ ስለሆነ ከእናንተ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

አሮጌ ገንዘብ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ የማልታ ፈረሰኞች ማኅበር የብር 4 ታሪ (ታሪ የማኅበሩ ገንዘብ መጠሪያ ነው) አሳይቶኛል። የተመታው ከ1557 እስከ 1568 ማኅበሩን በመራው በታላቁ አለቃ በዣን ዴ ላ ቫሌት ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ክብደቱ 11.40 ግራም፣ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንዱ ገጽ አራት ቦታ የተከፈለ ጋሻ አለ፤ በሁለቱ ክፍሎች የማኅበሩ መስቀል፣ በሁለቱ ደግሞ የአለቃው የቤተሰብ ምልክት፣ ወፍና አንበሳ ተቀርጸዋል። በሌላው ገጽ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በሳሕን ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ ወፍራም ነው፣ ጸጉሩ በሳሕኑ ላይ ተበትኗል። ዙሪያውን በላቲን «ስለ እውነትና ስለ ጽድቅ» የሚል ጽሑፍ ይዞራል፤ ከፊደሎቹ ሁለቱ እግራቸው ተቆርጧል። ከራሱ በላይ ያለችው ነጥብ ደግሞ ድሮ ተበስታ በኋላ የተደፈነች ትመስላለች።

ነጋዴው «ከአሮጌ የቤተሰብ ስብስብ የወጣ ነው» ይላል እንጂ ወረቀት አላሳየኝም። ዋጋው ለእኔ ቀላል አይደለም። እውነተኛነቱን በምን ላረጋግጥ? ደግሞስ ይህን ገንዘብ ይዞ መቀመጥ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ማኅደር

ብርቅ ፈላጊ፣ መልካም ነገር ዓይንዎ ውስጥ ገብቷል። ስለ ብሩ ጋሽ አንጥረኛው ይናገሩ፤ እኔ ስለ ሰዎቹ ልበል።

ማኅበሩ የተጀመረው በኢየሩሳሌም ድሆች ተሳላሚዎችን በሚያስታምም ሆስፒታል ነው። ሮም በ1113 እውቅና ሰጠችው፤ ብዙ ሳይቆይ የሚያስታምመው እጅ ሰይፍም ያዘ። በ1291 አክራ ስትወድቅ ወደ ቆጵሮስ ሸሹ፣ ከዚያም ሮድስን ይዘው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ገዙ። ሱልጣን ሱሌይማን በ1522 ከብዶ መጥቶባቸው በስምምነት ለቀው ወጡ። ቻርልስ አምስተኛ በ1530 ማልታን ሰጣቸው፤ ግብሩ በዓመት አንድ ጭልፊት ብቻ ነበር። በዚያች ድንጋያማ ደሴት ላይም የራሳቸውን ገንዘብ መቱ። አንድ ስኩዶ 12 ታሪ፣ አንድ ታሪ 20 ግራኒ ነው። እርስዎ ያዩት እንግዲህ የስኩዶ ሲሶ መሆኑ ነው።

ብሩ ከማልታ መሬት አልወጣም፤ ማልታ ማዕድን የላትም። ማኅበሩ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በጣሊያንና በጀርመን አገሮች ሰፋፊ ርስቶች ነበሩት፤ ከየርስቱ ገቢ በየዓመቱ ድርሻ ወደ ደሴቲቱ ይላካል። የእንግሊዙን ርስት ሄንሪ ስምንተኛ በ1540 ወስዶባቸዋል። ሌላው የገቢ ምንጭ የባሕር ላይ ምርኮ ነው፤ ይህን ሳንናገር ማለፍ አይገባም።

ስለ ዮሐንስ ራስ ደግሞ እኛ አማርኛ አንባቢዎች ልዩ ስሜት ሊያድርብን ይገባል። የዘመን መለወጫችንን በስሙ የምንጠራው ቅዱስ እርሱ ነው፤ ስንክሳራችንም አንገቱ የተቆረጠበትን ቀን መስከረም 2 ላይ ያነሣል። ምዕራባውያን የሚያከብሩት ኦገስት 29 ነው። ይህ ሳንቲም ሲመታ አውሮፓ በሙሉ ትቆጥር የነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ሲሆን፣ በዚያ አቆጣጠር ኦገስት 29 በአብዛኛው ዓመት የሚውለው በእኛ መስከረም 1 ነበር። ፈረሰኞቹ የደጋፊያቸውን ቅዱስ ሞት ሲያስቡ እኛ እንቁጣጣሽ እንል ነበር ማለት ነው።

ማኅበሩ የመጥምቁ ቀኝ እጅ የተባለውንም ቅርስ ይዞ ነበር። የሰጣቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኦቶማኑ ሱልጣን ባያዚድ ሁለተኛ፣ በ1484። የጠላት ንጉሥ ለጠላቱ የላከው ስጦታ ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የዚያ ዘመን ጠላትነት ከመጻሕፍቱ ርዕስ ይልቅ የተወሳሰበ እንደነበር ይታየኛል።

አንጥረኛው (ጎንደር)

ልጄ ብርቅ ፈላጊ፣ ሥዕሉን ተወውና ጠርዙን እይ። ሰው ሁሉ በፊቱ ይታለላል፤ አስመሳይም የሚደክመው ለፊቱ ነው።

ይህ ገንዘብ በመዶሻ የተመታ ነው። አንዱ ማኅተም ከታች ይተከላል፣ ተቆርጦ የተዘጋጀው ብር በላዩ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ማኅተም ከላይ ይያዝና በመዶሻ ይመታል። ስለዚህ ፍጹም ክብ አይሆንም፣ ሥዕሉም መሐል ላይ በትክክል አያርፍም። ይህን ጉድለት አትፍራው፤ የእጅ ሥራ ምልክት ነው። የምትፈራው ሌላ ነው። በአጉሊ መነጽር ጠርዙን ዙሪያውን ተከተለው፤ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ካገኘህ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። በፊደሎቹ መካከል ያለው ሜዳ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ከበዙ እርሱም የፈሰሰ ነው። የተመታ ብር ላይ ፊደሉ ከሜዳው ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ የፈሰሰ ላይ ግን እግሩ ዙሪያ ይሟሟል።

የፊደሎቹ እግር መቆረጥ የድሮ ሌብነት ነው። ጠርዙ ምንም ጽሑፍ ስለሌለበት ሰው በመቀስ ትንሽ ትንሽ እየላጨ ብሩን ያጠራቅማል፣ ሳንቲሙን በሙሉ ዋጋው ያሳልፋል። የእኛን ጠገራ ብር አስበው፦ የማርያ ቴሬዛ ጠርዝ «ጽድቅና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ በዙሪያው ተቀርጾበታል። ከላጨኸው ጽሑፉ ይጠፋል፣ ሌባው ይታወቃል። አባቶቻችን ጠገራ ሲቀበሉ የዘውዷን ዕንቁ ይቆጥሩ፣ የትከሻዋን ጌጥ በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። 4 ታሪ ላይ እንዲህ ያለ መጠበቂያ የለም፤ ሚዛን ብቻ ነው ያለህ። 11.40 ግራም ለተላጨ 4 ታሪ አያስጠላም።

አሁን ይህን አድርግ። ነጋዴው ከፈቀደ ትንሽ የወርቅ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጥና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሰው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አስገባ፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳይህ ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። የሳንቲሙን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍል። ንጹሕ ብር 10.49 ይመጣል፤ መዳብ የተቀላቀለበት ከዚያ ዝቅ ይላል። 9 ወይም ከዚያ በታች ካገኘህ ተነሥተህ ሂድ።

ሌላም ልንገርህ፦ በሎሚም ሆነ በአመድ እንዳታሸው። ለጌጥ የሚሆን ለገንዘብ አይሆንም። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፤ ከላጥኸው የሚመለስ አይደለም።

ካሳንቺስ

አንድ ነገር አልገባኝም። ማልታን ስጎበኝ በየአሮጌ ዕቃ ቤቱ የላ ቫሌት የመዳብ 4 ታሪ አይቻለሁ፣ የብሩን ግን በመስታወት ውስጥ እንጂ ለሽያጭ አላየሁም። ስሙ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ታዲያ አንዱ እንዴት መዳብ ሆነ? አንዱስ እንዴት ብርቅ ሆነ?

ማኅደር

የጥያቄዎች ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው፤ እኔ ይህን ሳንቲም የምወደውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1557 ላ ቫሌት ሲመረጥ ኦቶማኖች በሁለት ባሕር እየገፉ ነበር፤ በዚያው ዓመት ምጽዋንም ያዙ። የማልታ ተራ የደረሰው በ1565 ነው። በሜይ ወር መርከቦቹ መጡ፤ የቅዱስ ኤልሞ ምሽግ አንድ ወር ገደማ ተዋግቶ ጁን 23 ቀን ወደቀ፤ ስመ ጥሩው የባሕር አዛዥ ድራጉትም እዚያው ቆስሎ ሞተ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከሲሲሊ ረዳት ጦር ሲደርስ ከበባው ተነሣ። ማኅበሩ አሸነፈ፣ ነገር ግን ግንቦቹ ፈርሰዋል፣ ግምጃ ቤቱ ተራቁቷል፣ ሱልጣኑ ደግሞ እንደገና እንደሚመጣ ሁሉም ያምናል። ላ ቫሌት ደሴቲቱን ጥሎ ከመሄድ ይልቅ በባዶው አምባ ላይ አዲስ ከተማ ለመሥራት ወሰነ። ማርች 28 ቀን 1566 የመሠረት ድንጋይ አኖረ፤ ጳጳሱ መሐንዲሱን ፍራንቼስኮ ላፓሬሊን ላኩለት። ቫሌታ በስሙ የተጠራችው ለዚህ ነው።

ሠራተኛው በየሳምንቱ ይከፈላል፤ ብር የለም። ስለዚህ የመዳብ ታሪ ተመታ። በላዩ የተጨባበጡ ሁለት እጆች አሉበት፤ ጽሑፉ «ናስ ሳይሆን እምነት» ይላል። ማኅበሩ ብር ሲያገኝ በብር እለውጥላችኋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ሠራተኛው ያንን ቃል ይዞ ዳቦ ገዛበት።

የሆነውን መገመት አይከብድም። ሁለት ገንዘብ በአንድ ዋጋ በአንድ ገበያ ሲገናኙ ሰው መዳቡን ያወጣል፣ ብሩን ያስቀምጣል። ብሩ ወይ ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ወይ ቀልጦ ጌጥ ሆነ፣ ወይ ስንዴ ሊገዛበት ወደ ሲሲሊ ተሻገረ። መዳቡ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ቀረ። አስመሳዮች ተነሡበት፤ የኋላ አለቆች እውነተኛውን ለመለየት በላዩ ተጨማሪ ማኅተም መቱበት፦ የዮሐንስን ራስ፣ ዘውድ፣ የመስቀል በግ፣ የአበባ ምልክት። አንዳንዱ መዳብ ላይ ማኅተም በማኅተም ላይ ተደርቦ የመጀመሪያው ሥዕል ጠፍቷል። እንግሊዞች ማልታን ይዘው የማኅበሩን የመዳብ ገንዘብ ከገበያ እስካስወጡበት እስከ 1827 ድረስ መዳቡ አልሞተም።

ስለዚህ ብርቅ ፈላጊ፣ ብሩ ብርቅ የሆነው ሰው ስላመነው ነው፤ መዳቡ የበዛው ደግሞ ሰው ሊያስወግደው ስለፈለገ። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጥኋቸው አንዱም ሙሉ ታሪክ አይነግረኝም።

የደሴዋ

ማኅደር፣ ሁልጊዜ ከጽሑፍዎ እማራለሁ። ነገር ግን «ስለ እውነትና ስለ ጽድቅ» የሚለውን ጽሑፍ ሳነብ ልቤ አልረጋም። እነዚህ ሰዎች በሜዲትራንያን ላይ ሙስሊም መርከበኛና መንገደኛ እየያዙ ባሪያ ያደርጉ ነበር። በጀልባዎቻቸው ላይ በሰንሰለት ታስሮ መቅዘፊያ የሚስበው፣ በቫሌታ ምሽግ ቁፋሮ ላይ ድንጋይ የሚሸከመው ባሪያ ነው። ያ ሰው መዳቡም ብሩም አልደረሰውም። አንድ ሙስሊም ይህን ሳንቲም ሲያይ የሚያየው የገንዘብ ውበት ብቻ አይደለም፤ ይህ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ።

ማኅደር

እኅቴ፣ ያሉት እውነት ነው፤ መባልም ያለበት ነው። ማልታ ከሜዲትራንያን ትላልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች። በ1749 ባሮቹ በታላቁ አለቃ በፒንቶ ላይ ዐድመው ነበር፤ ምስጢሩ ወጣና በጭካኔ ተቀጡ። ነጻ የወጡት ናፖሊዮን በ1798 ደሴቲቱን ሲይዝ ነው። በሌላው ዳርቻ በአልጀርስና በትሪፖሊ ደግሞ ክርስቲያን ምርኮኞች በተመሳሳይ ሰንሰለት ይማቅቁ ነበር። ይህን የምጠቅሰው አንዱን በሌላው ለማጽዳት አይደለም፤ የባሕሩ ሁሉ ኑሮ እንዲያ ስለነበረ ነው።

ጽሑፉ ራሱ ከዳዊት 44ኛ መዝሙር ጋር በጣም ይቀራረባል። መዝሙሩ ግን በእውነትና በጽድቅ መካከል የዋህነትንም ያነሣል። ሳንቲሙ ላይ የዋህነት የለችም። ቦታ ጠብቦ ይሁን ታስቦ፣ እኔ ሳየው ያቺ ያልተጻፈችው ነገር ትታየኛለች።

የደሴዋ

አመሰግናለሁ። እንግዲያው ብርቅ ፈላጊ ገዝቶት ለሰው ሲያሳይ ይህንንም አብሮ ይናገር። ከዚያ ወዲያ በመግዛቱ ቅሬታ የለኝም።

ቫሌታ ነዋሪ

እኔ የምሠራው እዚሁ ቫሌታ ውስጥ ነው፤ በየዕለቱ የማልፍበት አንዱ መንገድ የድሮው ገንዘብ መቅረጫ መንገድ ይባላል፤ ማልታዎቹ «ትሪቅ ኢዝ-ዜካ» ይሉታል። ልብ በሉ፦ የላ ቫሌት ገንዘብ ግን እዚህ አልተመታም ማለት ይቻላል። እርሱ በ1568 ሲሞት ከተማይቱ ገና ግንባታ ላይ ነበረች፤ ማኅበሩ ከወደቡ ማዶ ካለችው ከቢርጉ ጠቅልሎ የገባው በ1571 ነው።

የመጥምቁን ራስ ትርጉም በሥጋ ማየት የሚፈልግ ሰው የቅዱስ ዮሐንስን ካቴድራል ይጎብኝ። ካራቫጆ በ1608 የሣለው የአንገት መቁረጡ ሥዕል እዚያ አለ፤ ሠዓሊው ስሙን የጻፈው ከቅዱሱ አንገት በሚፈስሰው ደም ላይ ነው። ላ ቫሌትም የተቀበረው እዚያው ከታች በምድር ቤቱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማኅበሩ ዛሬም ሮም ውስጥ አለ፤ ከ1961 ጀምሮ በስኩዶ፣ በታሪና በግራኒ ስም ለሰብሳቢዎች የሚሆን ገንዘብ ያስቀርጻል። እነዚህ የማስታወሻ ሳንቲሞች ናቸው፣ ንጹሕና ክብ ናቸው፣ ነውር የለባቸውም። ግን በድረ ገጽ ላይ «የማልታ ፈረሰኞች ብር» ተብለው የድሮ መስለው ሲሸጡ አይቻለሁ። የእርስዎ እንዲያ እንዳልሆነ ከገለጻዎ ግልጽ ነው፤ ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ ነው።

ወረቀት ሳይዙ ግን አይግዙ። አሮጌ ቅርስ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ በጣሊያንም በማልታም አለ። ነጋዴው ከየት እንዳገኘው በጽሑፍ ያስፍርልዎ።

ብርቅ ፈላጊ (ቦሎኛ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ነጋዴው የውኃውን ሙከራ ሲሰማ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ብርጭቆውን ያመጣው እርሱ ነው። የተገፋው ውኃ 1.11 ግራም ሆነ፤ 11.40 ሲካፈል 10.27 ይመጣል። ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ዙሪያውን ተከተልሁት፤ መጋጠሚያ መስመር የለም። የተላጨው ቦታ ላይ የመቀሱ ጫና ብሩን በትንሹ ወደ አንድ ወገን አጥፎታል፤ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥቁረት ከቀረው ጥቁረት ጋር አንድ ነው። የተደፈነችው ቀዳዳ ግን ከጀርባ በኩል ቀለሟ ትንሽ ይነጣል።

ወረቀቱን ስጠይቀው ከሻጩ ቤተሰብ የባለቤትነት ደብዳቤ አምጥቶ ከደረሰኙ ጋር እንደሚያያይዝልኝ ቃል ገባ። ደብዳቤው እስኪመጣ ገንዘቤ ኪሴ ውስጥ ነው። ጋሼ፣ የቀዳዳዋ ነገር ያሳስባል?

አንጥረኛው (ጎንደር)

10.27 ጥሩ ነው፤ መዳብ ያለበት፣ በገንዘብ ደረጃ የተቀላቀለ ብር ነው። ሙከራው የብሩን ዓይነት እንጂ ዕድሜውን አይነግርህም፤ ዕድሜውን የነገረህ ያ እጥፋትና በውስጡ ያለው ጥቁረት ነው። አስመሳይ ጥቁረት ሊቀባ ይችላል፣ እጥፋት ውስጥ ገብቶ እኩል እንዲቆይ ማድረግ ግን ከባድ ነው።

ስለ ቀዳዳዋ፦ ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር ማለት ነው። የመጥምቁ ራስ ስላለበት ለጸሎት ወይም ለሕማም ይዞት ይሆናል፤ እኛም አገር ጠገራ ብር በስንት አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ቀዳዳው ከራሱ በላይ እንዲሆን የተመረጠውን ቦታ ተመልከት፤ ሲንጠለጠል ራሱ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ነው የበሳው። በኋላ የሞላው ሰው ሌላ ብር ተጠቅሟል፣ ቀለሙ የነጣው ለዚያ ነው። ውሸት አያደርገውም፤ ዋጋውን ግን በደንብ ይቀንሳል። ነጋዴው ያልተበሳ ሳንቲም ዋጋ ጠይቆህ ከሆነ ይህን አሳይተህ ተከራከረው።

ደብዳቤው መጥቶ ከገዛኸው ርካሽ ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንዳታኖረው፤ ያ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ እየተፋ ብሩን ይበላል። በወረቀት ፖስታ ወይም ለሳንቲም በተሠራ ጠንካራ መያዣ አድርገው። ስትይዘውም ፊቱን ሳይሆን ጠርዙን ያዝ።

ካሳንቺስ

ብርቅ ፈላጊ፣ ከገዙት የመዳቡን አንድ እኔ ልላክልዎ እችላለሁ። በላዩ የበጉ ማኅተም በደንብ ይታያል፤ የተጨባበጡት እጆች ግን ተበልተው ጣታቸው ብቻ ነው የቀረው። ማኅደር እንዳሉት ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፣ ፎቶውንም እዚሁ ክር ላይ ይለጥፉልን።